መጋጠሚያው ላይ የተላጠው ዚንክ

መጀመሪያ የታየው የእርጥበት ጥላ ነበር። በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያክል ክብ። ቀለም ቀባሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ ክቡ ሰፍቶ ተመለሰ፤ ጠርዙም ቡናማ ሆነ። ደግሜ ቀባሁት። በሦስተኛው ዙር ልስኑ ጣት ሲነካው ይረግፍ ጀመር። ያን ጊዜ ቀለሙን ትቼ የቧንቧ ባለሙያ ጠራሁ።

የመጡት በሠፈራችን ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አብሯቸው የሙያ ትምህርቱን ገና የጨረሰ አንድ ወጣት አለ። ጋሼ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አልገቡም። በቤቱ ያለው ቧንቧ ሁሉ እንዲዘጋ አደረጉና በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደው ጎንበስ አሉ። በቆጣሪው ፊት ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ኮከብ መሳይ ጎማ አለች፤ ውሃ ሲያልፍ ትዞራለች። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ኮከቧ ዝግ ብላ፣ እያረፈች ትዞር ነበር። ሌላ ምርመራ አላስፈለጋቸውም።

ልስኑ በመሮ ሲከፈት የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦና ወደ ሻወሩ የሚታጠፍበት ኤልቦ ብቅ አሉ። ከኤልቦው አንድ ስንዝር ርቆ ያለው ቱቦ እንደተገዛበት ቀን ግራጫ ነው። ቱቦው ኤልቦው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ግን ቡናማ ቅርፊት ተጋግሯል። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ቅርፊቱ ተነሣ፤ ከሥሩ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ታየ፤ ከቀዳዳውም እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወጣል።

«ቱቦው ደህና ነው» አሉ። «የሞተው ጥርሱ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቱቦ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ መጋጠሚያው ነው። የሮቶ ማቆሚያ ሥር፣ የግቢ ቧንቧ ላይ፣ የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ፣ ዝገቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ ቱቦው ወደ ማገናኛው ከመግባቱ በፊት ጥቂት ጥርስ ተርፎ በሚታይበት ቀለበት ላይ። አንባቢም ግቢው ያለውን ቧንቧ ሄዶ ቢመለከት ይህንኑ ያያል። ስድስት ሜትር ቱቦ በጤና ሳለ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቦታ ቤት ያበላሻል። ለምን?

ቆርቆሮና ቱቦ አንድ ልብስ ናቸው

መልሱን ለማግኘት ጣሪያችንን ማየት ይበቃል። ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፤ ጋልቫናይዝድ ቱቦም እንዲሁ። ብረቱ በአሲድ ታጥቦ ከጸዳ በኋላ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሞቀ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላስ ሶሬል በዚህ የመንከር ዘዴ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር፤ መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የቀለጠው ዚንክ ብረቱን እንደ ቀለም ከላይ ብቻ አይሸፍነውም፤ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ድብልቅ ይፈጥራል። ጋልቫናይዝድ ብረት እንደ ቀለም ቶሎ የማይላጠው ለዚህ ነው።

ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ አየርና ውሃ ብረቱን እንዳይነኩ ይጋርዳል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ዚንክና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው፤ እሱ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ስለዚህ ቱቦው ላይ ትንሽ ጭረት ቢኖር በዙሪያው ያለው ዚንክ ይደርስለታል። ግን ክንዱ ረጅም አይደለም፤ የሚደርሰው ለጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ መዛግ የሚጀምረው በሚስማሩ ቀዳዳና በተቆረጠው ጠርዝ በኩል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ለውሃ ቱቦ በወጣው የአውሮፓ ደረጃ የዚንኩ ልባስ በቱቦው ውስጠኛ ገጽ ቢያንስ 0.055 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ይህ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። በግማሽ ኢንች ቱቦ ላይ የሚወጣው ጥርስ ግን በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ሆኖ የእያንዳንዱ ጥልቀት 1.16 ሚሊ ሜትር ነው። መቁረጫው ከልባሱ ሃያ እጥፍ ያህል ጠልቆ ይገባል ማለት ነው። የቱቦው ግድግዳስ? መካከለኛ የሚባለው ዓይነት 2.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ሲቆረጥለት የሚቀረው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርካሹና ስሱ፣ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ሲሆን ደግሞ የሚተርፈው 0.84 ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥርሱ ላይ ብረቱ ግማሽ ያህል ሳስቷል፣ ዚንኩም ጨርሶ ተላጧል። ኤልቦውና ቱቦን ከቱቦ የሚያገናኘው ሶኬትም ቢሆኑ የውስጥ ጥርሳቸው ብዙውን ጊዜ የሚወጣላቸው በዚንክ ከተነከሩ በኋላ ስለሆነ እነሱም በዚያ በኩል ራቁት ናቸው። ሁለት ራቁት ብረቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው መጋጠሚያ የምንለው። ጋሼ «የሞተው ጥርሱ ነው» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። የገጣሚው ሥራም ከዚህ ይጀምራል፦ ቱቦ ማጥበቅ ብቻ አይደለም፤ መቁረጫው የወሰደውን ጥበቃ በእጅ መመለስ ነው።

ሞርሳ ላይ

ሥራው ግቢ ውስጥ ተጀመረ። ወጣቱ ሞርሳውን ጠረጴዛ ላይ አሰረ፤ ቱቦውን ነክሶ ያዘና በሴጌቶ መቁረጥ ጀመረ። ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፦ እነዚህ ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ኤልቦ፣ ኒፕል፣ ዩኒየን፣ ሶኬት ከእንግሊዝኛ። ጥርስ፣ መፍቻ፣ ማጥበቅ፣ መላላት የራሳችን ናቸው። በአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ከረጢት ውስጥ የሀገሪቱ የመቶ ዓመት ታሪክ ተቀላቅሎ ይገኛል።

ቱቦው ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት። ተንጋዶ የተቆረጠ ጫፍ ጥርስ ማውጫው ሲገባበት ያጋድላል፤ ጥርሱም በአንድ ወገን ጠልቆ በሌላው ስስ ይሆናል። ከተቆረጠ በኋላ በውስጥ በኩል ስለታም ጠርዝ ይቀራል፤ በተለይ በሚሽከረከር መቁረጫ ሲቆረጥ ብረቱ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ አፉ ይጠብባል። ይህ ጠርዝ በሞረድ ካልተነሣ የውሃውን መንገድ ያጠብባል፣ አሸዋና ዝገትም ይይዛል። ወጣቱ ሊያልፈው ሲል ጋሼ ጣታቸውን ወደ ቱቦው አፍ ከተቱና አውጥተው አሳዩት። ምንም አልተናገሩም። ሞረዱን አነሣ።

ጥርስ ማውጫው ቱቦው አፍ ላይ ተደቅኖ ዘይት ተንጠባጠበለት። ዘይቱ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ብረቱን ያቀዘቅዛል፣ ጥርሱም ሳይቦጨቅ ለስልሶ እንዲወጣ ይረዳል። ወጣቱ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያለ ሄደ፤ ወደ ኋላ መመለሱ የተቆረጠው ብረት ተሰብሮ እንዲወድቅ ነው። ጥቁር ዘይት የለበሰ ብረት እንደ ሽቦ እየተጠቀለለ መሬት ላይ ወደቀ። ከብረቱ ጋር ዚንኩም ወደቀ። ጥርሱ ሲያልቅ ጋሼ በጨርቅ ጠርገው ለእኔ አሳዩኝ፤ ቱቦው ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ ጥርሱ ግን እንደ አዲስ ቢላ ያበራል። ያ ብርሃን የራቁት ብረት ብርሃን ነው። እርጥበት ባለበት በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ በጧት ብርቱካንማ ዱቄት ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ የወጣ ጥርስ ዘይቱ ተጠርጎለት በዚያው ዕለት መገጠም አለበት።

ሽብልቅ እና ክር

የቱቦ ጥርስ እንደ ተራ ብሎን ጥርስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ለብሎን ጥርስ 55 ዲግሪ ማዕዘን ያለው አንድ ወጥ ቅርጽ አቀረበ። በሀገራችን የምንጠቀምባቸው የውሃ ቱቦዎች ጥርስ የዚያ ዘር ነው። ልዩነቱ ቱቦው ላይ የሚወጣው ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄዱ ነው፤ በየ16 ሚሊ ሜትሩ ዲያሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። እንደ ሽብልቅ ማለት ነው። ሲገባ በቀላሉ ይገባል፤ በገባ ቁጥር ይጠብቃል። በግማሽ ኢንች ቱቦ ላይ በእጅ አራት ዙር ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ በመፍቻ ሁለት ዙር ያህል ይጨመራል። በመጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ውጭ መታየት አለበት። ጥርሱ ሁሉ ከገባ ሽብልቁ የሚነክሰው አጥቷል ማለት ነው።

ሽብልቅ ግን እንጨት ይፈልጣል። ያለ ልክ የተጠበቀ ቱቦም ሶኬቱን ይሰነጥቃል፤ የነሐስ ሲሆን በቶሎ፣ የፕላስቲክ ሲሆን ከዚያም ፈጥኖ። የብረት ጥርስ ወደ ፕላስቲክ ሶኬት ማስገባት ባለሙያ የሚሸሸው ነገር የሆነው ለዚህ ነው፤ የግድ ከሆነ ፕላስቲኩ ገቢ፣ ብረቱ ተቀባይ እንዲሆን ይደረጋል።

ብረት ከብረት ምንም ቢጠብቅ ውሃ አይከለክልም። በጥርሱ አናትና በጥርሱ ጎድጓዳ መካከል እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞር ስስ ክፍተት ይቀራል፤ ውሃው ያንን ደረጃ እየተከተለ ይወጣል። ክፍተቱን የሚደፍነው ቃጫ ወይም ቴፍሎን ነው። ቃጫ የቆየው ዘዴ ነው። ክሩ ስሱን ተዘርዝሮ ጥርሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ከላዩም ማሸጊያ ቅባት ይቀባል። ቃጫው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ ያሽጋል። እንዳይንሸራተት ጥርሱን በሴጌቶ ምላጭ ትንሽ ማሻከር የጥንቃቄ ሰው ልማድ ነው። ቀድሞ ለማሸጊያ ይውል የነበረው ቀይ የእርሳስ ቀለም ግን መርዝ ስለሆነ ከመጠጥ ውሃ ጋር ሊገናኝ አይገባም። ቴፍሎን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ሮይ ፕለንኬት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመረምር ሳይፈልገው አገኘው። አያብጥም፤ የሚያንሸራትት ስለሆነ ጥርሱ ጠልቆ እንዲገባ ይረዳል፣ ክፍተቱንም ይሞላል።

ብዙ ሰው ማሸጊያው ውሃ እንዳያፈስ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። ሁለተኛ ሥራ አለው፤ የተላጠውን ጥርስ ከውሃና ከአየር ይጋርዳል። ዚንኩ ይሠራ ከነበረው ሥራ ግማሹ የተሰጠው ለእሱ ነው። ስለዚህ የጠመጠመ እጅ ቢቸኩል የሚጎዳው ዛሬ ብቻ አይደለም፤ የዛሬ አምስት ዓመትም ነው።

ጋሼ አጠማጠሙን ሲያሳዩ የቱቦውን አፍ ወደ ራሳቸው አዞሩ። ቴፍሎኑን የሰዓት መቁጠሪያ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የጠመጠሙት። በተቃራኒው ቢጠመጠም ሶኬቱ ሲገባ እየገፋ ይፈታዋል። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፤ ከአፉ ላይ ከተጀመረ ቁራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ቫልቭ ይዘጋል። በየዙሩ ቴፍሎኑ ጥርሱ ውስጥ እንዲሰምጥ በጣት እየጎተቱ ጠመጠሙት። ከዚያም መፍቻ ሁለት አነሡ። አንዱ ኤልቦውን ይይዛል፣ ሌላው ቱቦውን ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ ከተጠበቀ ኃይሉ ወደ ኋላ ተሻግሮ ቀድሞ የተገጠመውን መጋጠሚያ ያናጋዋል።

«ቴፍሎን ወደ ኋላ አይመለስም» አሉት ለወጣቱ። «ሲጠብቅ ካለፈህ አንድ ዙር ጨምረህ ድረስበት፤ አይሆንም ካለ ፍታና እንደገና ጠምጥም። እንዳትመልሰው።»

ቃጫ ትንሽ መመለስን ይታገሣል፤ ያበጠው ክር ክፍተቱን ይከተላል። ቴፍሎን ግን አንዴ ከተጨፈለቀ ተጨፍልቋል፤ ጥርሱ ወደ ኋላ ሲል ከኋላው ባዶ መንገድ ይተዋል። ይህችን ምክር አስታውሷት፤ ማታ ትመለሳለች።

ከመሐል የማይወጣው ቱቦ

ግድግዳዬን የከፈተው ፍሳሽ ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞው ገጣሚ የረሳት አንዲት ዕቃም ነበረች። ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ጥርሱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጠብቅ ነው። ከመሐል ይዘህ ስታዞረው በአንዱ ጫፍ ሲፈታ በሌላው ጫፍ ይጠብቃል። ስለዚህ ከሁለት ወገን የተያዘ ቱቦ ሳይቆረጥ አይወጣም። መፍትሔው ዩኒየን ነው፦ ሁለት ግማሽ ሆኖ በመሐሉ ባለ ዳዶ የሚተሳሰር፣ ቱቦዎቹ ሳይዞሩ የሚፈታ ማገናኛ። ከቆጣሪ በኋላ፣ ከፓምፕ በፊትና በኋላ፣ ከሮቶ ሥር፣ ከቫልቭ አጠገብ ዩኒየን ሊኖር ይገባል፤ እጅ በሚደርስበት ቦታ እንጂ ልስን ውስጥ አይደለም። በእኔ ቤት ከቆጣሪው እስከ ሻወሩ አንድም አልነበረም። አንድ ኤልቦ ለመቀየር ቱቦው ተቆርጦ ግድግዳው እስከ ውጭ መከፈት ነበረበት። ጋሼ አዲሱን ዩኒየን ግቢ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር አስቀመጡት።

ጎረቤቴ ሥራው መርዘሙን አይቶ ለምን በብየዳ እንደማይዘጋ ጠየቀ። ጥያቄው የብዙዎች ነው፤ መልሱም ከባድ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ብየዳው ብረቱን ከማቅለጡ በፊት ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይተናል። ከውጭም ከውስጥም በሰፊው ይላጣል፤ የውስጡን መልሶ መቀባት አይቻልም። ጭሱን የተነፈሰ በያጅ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል፤ ወባ የያዘው ይመስላል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል። ወተት መጠጣት ከዚህ ያድናል የሚል እምነት በብየዳ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ግን በሳንባ እንጂ በሆድ አይደለም። የሚያድነው ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ አስቀድሞ መፋቅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራትና ለጭስ የተሠራ ጭምብል ማድረግ ነው። ለውሃ ቱቦ ግን ከሁሉ የሚሻለው ጥርስ ነው።

ቱቦው ሲወፍር ጥርስ ማውጣትም ማዞርም ይከብዳል፤ ስለዚህ በትልልቅ መስመሮች በብሎን የሚታሰር ፍላንጅ ወይም ቱቦው ላይ ቦይ ተበጅቶ በጎማና በብረት ማቀፊያ የሚታሰርበት ዘዴ ይሠራበታል። ቦዩ በመጫን እንጂ በመቁረጥ ስለማይወጣ ዚንኩ በአብዛኛው ይተርፋል። የእሳት ማጥፊያ መስመር ባላቸው ሕንፃዎች ምድር ቤት ይህን ማየት ይቻላል።

ከከተማ ውጭ፣ ከመሬት በታች

ግድግዳ የሚያበላሽ መጋጠሚያ ገጠር ሲሄድ ሌላ ነገር ያበላሻል። በሀገራችን ከሚሠራባቸው የእጅ ፓምፖች አንዱ ኢንዲያ ማርክ ቱ የሚባለው ነው። ውሃውን ከጉድጓድ የሚያወጣው ሦስት ሦስት ሜትር ርዝመት ባላቸው የአንድ ከሩብ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦዎች ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ በሶኬት እየተገጠመ ይወርዳል። 45 ሜትር ለሚጠልቅ መስመር 15 ቱቦ ያስፈልጋል። የብረቱ ክብደት ብቻ 140 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከ40 ኪሎ በላይ ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው በላይኛው ቱቦ ጥርስ ላይ ነው፤ ዚንኩ በተላጠበት፣ ብረቱ በሳሳበት በዚያው ቦታ።

የጉድጓዱ ውሃ ወደ አሲድነት ያዘነበለ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። በምዕራብ አፍሪካ በእጅ ፓምፖች ላይ የተደረገ ጥናት የውሃው ፒኤች ከ6.5 ሲያንስ ጋልቫናይዝድ ቱቦ ለጉድጓድ እንደማይሆን አሳይቷል። ቱቦው ሲበላ ውሃው ቀይ ይሆናል፣ ብረት ብረት ይላል፣ ነጭ ልብስ ያቀልማል። ከዚያ የሚመጣው ነገር ያሳዝናል፤ ሰዎች የተቆፈረላቸውን ንጹሕ ጉድጓድ ትተው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይመረጣል።

በተራራማው አካባቢያችን ደግሞ ምንጭ ተጎልብቶ በስበት ወደ መንደር ሲወርድ፣ መሬቱ በሚቆፈርበት ቦታ የሚቀበረው ፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ዓለቱ ላይና ሸለቆ ማቋረጫው ላይ ግን ብረት ይገባል። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት የውሃው ግፊት 1 ባር ይጨምራል። ከምንጩ 60 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ መጋጠሚያ ቫልቭ ሲዘጋ 6 ባር ይሸከማል ማለት ነው። ላይ ቤት የማያፈስ አገጣጠም ታች ቤት ያፈሳል።

በከተማ ያለው ስጋት ሌላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮች መስመሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ቱቦው ውስጥ መሳብ ይፈጠራል፤ ውሃ የሚያፈስ መጋጠሚያ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይስባል። ከቱቦው አጠገብ የፍሳሽ ቦይ ካለ የሚስበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ፍሳሽ የውሃ ብክነት ብቻ ተደርጎ የሚታሰብ ከሆነ ግማሹ ተረስቷል፤ የሚያስወጣ ቀዳዳ የሚያስገባም ቀዳዳ ነው። ብክነቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር ይበልጣል፣ በወር ከስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ስለ ወንዝ ብቻ አይደለም።

የት ይሁን፣ የት አይሁን

ይህን ሁሉ የሰማ አንባቢ «ታዲያ ለምን ብረት?» ሊል ይችላል። በአዳዲስ ቤቶች የውስጥ መስመር በሙቀት የሚገናኘው ፒፒአር የተባለ ፕላስቲክ ቱቦ እየተለመደ ነው፤ አይዝግም፣ ለሞቀ ውሃም ይመቻል። ለሞቀ ውሃ ጋልቫናይዝድ ቱቦ የማይመከርበት ምክንያት አለ፤ ውሃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ዚንኩ ብረቱን የመጠበቅ ባሕርዩን ሊያጣና ብረቱ ቀድሞ ሊበላ ይችላል። ብረት ግን ፀሐይ አያደክመውም፣ አካፋ አይቆርጠውም፣ ክብደት ይሸከማል። ለሮቶ መውጫ፣ ለግቢ ቧንቧ፣ ለፓምፕ መስመር፣ በዓለት ላይ ለሚያልፍ መስመር አሁንም ተመራጭ ነው።

ብረት የመረጠ ሰው ግን ሲገዛ ይጠንቀቅ። የግማሽ ኢንች ቱቦ ውጫዊ ዲያሜትር 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሱም ወፍራሙም በውጭ ሲታይ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በግድግዳው ውፍረት ነው። በቀድሞው የእንግሊዝ ደረጃ ቡናማ ቀለበት ስሱን፣ ሰማያዊ መካከለኛውን፣ ቀይ ከባዱን ያመለክታል። ቀለበት ከሌለው አፉን በካሊፐር መለካት ነው። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ላይ ጥርስ ማውጣት ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ብረት ላይ ቤት መሥራት ነው። መዳብ ቱቦ ከጋልቫናይዝድ ቀድሞ በመስመሩ ላይ እንዲገባ አትፍቀዱ፤ ውሃው ይዞት የሚመጣው መዳብ ዚንኩን ይበላዋል። እርጥብ ጀሶም ለዚንክ ጠላት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቱቦ በመከላከያ ቴፕ መጠቅለል አለበት።

ሶፍት፣ ቡኮና ቀለም

ማታ ሲቃረብ መስመሩ ተገጥሞ አለቀ። ልስን ሠራተኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ ቆሟል። ጋሼ ግን የመሞከሪያ ፓምፑን አወጡ፤ በእጅ የሚገፋ፣ ባር የሚያሳይ ሰዓት ያለው። መስመሩ ውሃ እንዲሞላ ተደረገ፤ አየሩ በላይኛው ቧንቧ በኩል ወጣ። አየር ውስጡ ካለ ሰዓቱ ይዋሻል። በአየር ብቻ መሞከር ደግሞ አደገኛ ነው፤ የታመቀ አየር ሲፈነዳ ብረቱን እንደ ጥይት ይወረውረዋል፣ ውሃ ግን ያን ያህል አይታመቅም። ልማዱ መስመሩ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ መስጠት ነው። ጋሼ 6 ባር ላይ አቆሙትና ተቀመጡ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ወርዷል» አለ። ሰዓቱ 5 ተኩል ላይ ነበር።

«ሶፍት አምጣ።»

ደረቅ ሶፍት በየመጋጠሚያው ሥር ተያዘ። ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። በሻወሩ ኤልቦ ላይ ሶፍቱ ጠቆረ። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። የኤልቦው አፍ ከግድግዳው ትይዩ እንዲሆን ብሎ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሶት ነበር።

ልስን ሠራተኛው «ጋሼ፣ ቡኮው እየደረቀብኝ ነው» አለ።

«ግድግዳው ከሚረጥብ ቡኮው ይድረቅ» አሉት። የቡኮውን ዋጋ እንደምከፍል እኔም ነገርኩት።

ኤልቦው ተፈታ። የተጨፈለቀው ቴፍሎን ተነቅሎ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ጸዳ። ወጣቱ እንደገና ጠመጠመ፤ በዚህ ጊዜ ሊደርስበት የሚገባውን ቦታ አስቀድሞ በዓይኑ ለክቶ ነበር። ሁለት መፍቻ፣ አንድ አቅጣጫ። ሰዓቱ 6 ባር ላይ ተነሣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነቃነቀም። ጋሼ እስኪነጋ እንዲህ እንዲቆይ አድርገው ሄዱ፤ ልስን ሠራተኛውም ባዶ እጁን ተመለሰ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዓቱ እዚያው ነበር። ጋሼ ከከረጢታቸው ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም አወጡ፤ የዚንክ ዱቄት የበዛበት ግራጫ ቀለም። ወጣቱ ብሩሹን ይዞ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ውጭ የቀረውን ጥርስ፣ የመፍቻው ጥርስ ነክሶ የላጠውንም ቦታ ቀባ። ቀለሙ እስኪደርቅ ተጠበቀ፤ በቴፕ ተጠቀለለ። እኔም ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግቼ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ፎቶ አነሣሁ፤ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ከማዕዘኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይታወቅ ዘንድ። ይህን ሁሉም የቤት ባለቤት ቢያደርግ ወደፊት የሚፈርሰው ግድግዳ በክንድ ሳይሆን በስንዝር ይሆናል።

ልስኑ ደርቆ ቀለም ከተቀባ ሳምንት ሆነው። የተሠራው ሥራ አሁን አይታይም፤ የተመለሰው ዚንክም አይታይም። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቼ በባትሪ ወደ ቆጣሪው ወጣሁና ጎንበስ አልኩ። ኮከቧ ቆማለች።